ያልተደፋ ውሃ

ሐሙስ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ፤ ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ ውበቱ ቆዳው የተላጠ ቡችላ በካርቶን ይዘው ከእንስሳት ሐኪሟ ከዶክተር ፋናዬ ፊት ቆመዋል።

ውበቱ፦ የፈላ ውሃ ነው በይኝ፤ ሌላ ነገር አልፈልግም።

ፋናዬ፦ አይደለም አልኩዎት እኮ ጋሼ። ውሃ ቢሆን ከላይ ብቻ ያቃጥለው ነበር። ይኼ አፉ ውስጥም መዳፉ ሥርም ቆስሏል።

ውበቱ፦ እናቱ ስትልሰው ይሆናላ የላጠችው።

ፋናዬ፦ ጤነኛ ቆዳ በምላስ አይላጥም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ይንገሩኝ፤ አባቱ ማነው?

ውበቱ፦ ዳማ። የእናቱም አባት እሱው ነው። ዘሩ እንዳይበረዝ ብዬ።

ፋናዬ፦ አየ ጋሼ! ዳማ ራሱ ሳይታመም ሕመሙን በደሙ ይዞታል፤ ልጁም ወርሳዋለች። ሁለቱ ሲገናኙ በቡችሎቹ ላይ ወጣ። መድኃኒትም የለው። ሁለቱ ውሾች ከዚህ በፊት ወልደዋል?

ውበቱ፦ አምና አራት። እንዲሁ ተላጠው አለቁ።

ፋናዬ፦ ያኔ ለምን አላመጧቸውም?

ውበቱ፦ ጥፋተኛዋን ይዣለሁ ብዬ ነዋ። ዝማም የምትባል ተከራይ ነበረችኝ፤ የውሾቹ ጩኸት ያማርራት ነበር። የፈላ ውሃ ደፋችባቸው ብዬ ሽማግሌ ፊት ማልኩ።

ፋናዬ፦ አይተው ነበር?

ውበቱ፦ ማንቆርቆሪያ ይዛ ስታልፍ አይቻለሁ።

ፋናዬ፦ ስትደፋስ?

ውበቱ፦ አላየሁም። ቡችሎቹ ገና ሳይሞቱ ዕቃዋን ጋሪ ላይ ጭና ወጣች፤ ደህና ሁኚ ያላት ሰው የለም። ዘንድሮ ይኼና ወንድሞቹ ሲላጡ ግን በግቢው ከእኔ በቀር ማንም አልነበረ። ውሃ ሲንተከተክ በሰማሁ ቁጥር «ጋሽ ውበቱ፣ እኔ አይደለሁም» ትለኛለች። ሻይ እንኳ ትቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ መርሳት ያቃተኝ ግን እኔ የወጋሁት ነኝ።

ፋናዬ፦ ታዲያ ሄደው ይንገሯታ።

ውበቱ፦ ሰኞ አሁን የምትኖርበት ሐይቅ ከተማ ድረስ ሄጄ ነበር። በሩን ከፍታ፣ ገና ሰላም ሳልላት፣ «ቡችሎቹ ዳኑልዎት?» አለችኝ።

ፋናዬ፦ ምን አሏት?

ውበቱ፦ «ድነዋል» አልኳት። ፊቷ በራ። ወንበር አቀረበችልኝ።

ፋናዬ፦ ተቀመጡ?

ውበቱ፦ በምን ዐይኔ አይቻት ልቀመጥ? ቅዳሜ አብረሽኝ ነይ ልጄ፤ ብቻዬን ከሄድኩ ደግሜ እዋሻታለሁ።