ከአሥሩ የማይቆጠረው ድንጋይ

ዓርብ ከሰዓት ሉና ከሃይፋ አውቶቡስ ወርዳ የጽፋት ከተማን ደረጃ ስትወጣ፣ የሰንበት ዳቦ ታቅፈው ከሚወርዱት አጎቷ ከሻብታይ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ሻብታይ የሰፈሩ ምኩራብ አለቃ ናቸው። ሰላምታው ገና ሳያልቅ፣

"አጎቴ፣ የምኩራቡን የሴቶች ሰገነት ለምን አልዘጉትም?" አለች።

"ሰንበት ሊገባ ነው ልጄ፤ ደረጃ ላይ አትገትሪኝ።"

"ግድግዳው ተሰንጥቋል። ባለፈው ጊዜ ጣቴን ከትቼ አይቼዋለሁ። አክስቴ ሬይና የምትቀመጠው ልክ ከሥሩ ነው። እስኪጠገን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጸልዩ።"

"ሕፃናት ሾርባ የሚደፉበት አዳራሽ! ሲሚንቶ ተምረሽ መጣሽና ምኩራብ ምን እንደሆነ ልታስረጂኝ?"

"እሺ ይንገሩኝ፤ ምንድን ነው?"

"የእግዚአብሔር ቤት ነዋ! አያቶቼ ድንጋዩን በጀርባቸው አመላልሰው የሠሩት። እኔ ከዚያ የምወጣው በቃሬዛ ነው።"

"እርስዎ በቃሬዛ ይውጡ፣ መብትዎ ነው። አክስቴን ግን አልጠየቋትም።"

ሻብታይ ፊታቸው ቀላ፤ ዳቦውን እንደታቀፉ ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት የኦሪቱ ጥቅልል ሊወጣ ሲል፣ ሉና ከሰገነቱ ወርዳ በወንዶቹ መካከል አልፋ ጥቅልሉ የሚቀመጥበት ሣጥን ፊት ቆመች።

"ንባቡን አስቁሜያለሁ" አለች።

የተበደለ ሰው አቤቱታው እስኪሰማ ድረስ ንባቡን የሚያስቆምበት የቆየ ልማድ አለ። በዚያ ምኩራብ ግን ያደረገው ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

"አስወጧት!" አለ አንዱ።

"ማን በደለሽ ደግሞ?" አለ ሌላው።

"ልማድ ነው፤ ትናገር" አሉ ሻብታይ ጥርሳቸውን ነክሰው።

"አጎቴ፣ መቅደሱ ተቃጥሎ ሕዝቡ ባቢሎን ሲወርድ የትኛውን ድንጋይ ይዞ ሄደ?"

"ምንም።"

"ታዲያ የት ተሰበሰበ?"

"ሽማግሌዎቹ ነቢዩ ሕዝቅኤል ቤት ይቀመጡ ነበር።"

"ሰው ቤት! ምኩራብ መቼ እንደተጀመረ ቁርጡን የሚያውቅ የለም፤ ብዙዎች ግን ከዚያ ስደት ነው ይላሉ። እኛም በዕብራይስጥ የመሰብሰቢያ ቤት እንለዋለን። መሥዋዕት አይቀርብበትም። ሰው ተገናኝቶ የሚጸልይበት፣ የሚያነብበት፣ የሚማርበት ነው።"

"ይህን ለእኔ አትንገሪኝ" አሉ ሻብታይ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል።

"ዛሬ አሥር ሰው መሙላቱን በምን አወቁ?"

አሥር ወንድ ካልሞላ የጋራ ጸሎቱ አይጀመርም፤ ሰውን ግን አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር ነውር ነው። ሻብታይ ሁልጊዜ አሥር ቃል ያላትን አጭር ጸሎት፣ በየሰዉ ላይ አንድ አንድ ቃል እያሳረፉ ነው የሚቆጥሩት።

"በጸሎቷ ነዋ።"

"ምን ብላ ትለምናለች?"

"ሕዝቡ እንዲድን።"

"ድንጋዩንስ ከአሥሩ አንዱ አድርገው ቆጥረውት ያውቃሉ?"

ላይ፣ ከስንጥቁ ሥር፣ ሬይና አንገቷን አስግጋ ባሏን ታያለች። ሻብታይ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ስንጥቁን አዩ።

"ሬይና፣ ውረጂ!" ብለው ጮኹ። "ሁላችሁም ውረዱ!"

ኦሪቱ በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ፣ ከበለሱ ሥር ተነበበ።

ከሚቀጥለው ሰንበት ጀምሮ ጸሎቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። ደረጃው አቅቷቸው ቤት የቀሩ አዛውንት ተመለሱ፤ ሴቶቹ ንባቡን ከቅርብ ሰሙ፤ ልጆቹም ከጸሎት በኋላ እዚያው ተቀምጠው መማር ያዙ። ግንበኞቹ የምኩራቡን ግድግዳ ሲከፍቱት ውስጡ ክንድ የሚያስገባ ባዶ ሆኖ አገኙት። አልወደቀም ነበር፤ ለማስተዋልም መውደቁን መጠበቅ አላስፈለገም።

በአዳራሹ በመጀመሪያው ሰንበት ሻብታይ፣ ሾርባ ሾርባ በሚሸተው በር ላይ ቆመው፣ የጸሎቷን ቃላት በሚገቡት ላይ አንድ በአንድ አሳረፉ። አሥረኛው ቃል ላይ ሲደርሱ ወደ ሉና ዞሩና፣

"ሰው ሞላ፤ ቤቱ ቆመ" አሉ።