ትንሽ አሞት ነው

ከሳሪስ አቦ ወደ ቂሊንጦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ወጣትና አንዲት እናት ያወራሉ።

«ማዘር፣ ያ ከቤተ መንግሥቱ የማይወጣው የውጭ አገር መሪ ሞቷል እያሉ ነው ቲክቶክ ላይ።»

«የራሱ ሰዎችስ ምን አሉ?»

«ትንሽ አሞት ነው፣ አሁን ተሽሎታል አሉ።»

«በቃ፣ ሞቷል።»

«እንዴ! ተሽሎታል እኮ ነው የሚሉት።»

«አባቴን ቀብረው ሲያበቁ እኔንም ‹ትንሽ አሟቸው ነው፣ ለማንኛውም ብቅ በይ› ነበር ያሉኝ። መርዶ በስልክ አይነገርማ።»

«በእውነት ትንሽ አሞት ቢሆንስ?»

«ትንሽ ያመመው ሰው ራሱ ይደውላል፣ ልጄ።»

ጠዋት ወንድሜ ደውሎ «እማዬን ትንሽ አሟት ነው፣ ለማንኛውም ብቅ በል» ብሎኝ ስለነበር፣ ስልኬን አውጥቼ ቁጥሯን አየሁት እንጂ አልደወልኩም።