ውሃ ጠላቱ ነው የተባለው ድንጋይ

እናቴ የደም ግፊት ኪኒኗ አልቆባት ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ፣ አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ጥፍር ሥር ነጭ ብናኝ ሞልቶ አየሁ። የእህል ዱቄት አልነበረም። ሥነ ምድር ተምሬያለሁ፤ ትምህርቱ እስካሁን ሥራ ባያስገኝልኝም ኦፓል የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ ብናኝ ሳይ አይጠፋኝም። ከጎናቸው ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጃቸው በሂጃቧ ጫፍ አፏን ይዛ ትስላለች።

የአክታዋ ውጤት መጣ፤ የሳንባ ነቀርሳ የለባትም ተባለ። ሰውየው እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑና እንደሚያውቁኝ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"አልሀምዱሊላህ፣ ብርድ ነው ልጄ። የቦረናን ብርድ መቼም ታውቂዋለሽ።"

"ድንጋዩን የምትሞርዱት በደረቁ ነው?" አልኳቸው።

ደነገጡ። ቀጥሎ ግን ጨዋ ሰው ናቸውና ማንነታቸውን ነገሩኝ። ጋሼ ሱፍያን ይባላሉ፤ ልጅቱ አርዋ ናት። ድሮ ብር አንጥረኛ ነበሩ። ብር የሚያሠራ ሲጠፋ፣ ከደላንታ በአጅባር በኩል የሚመጣውን ኦፓል እየገዙ ለቀለበት ፈርጥ የሚሆን፣ ጀርባው እንደ ባቄላ ፍሬ ጉብ ያለ ድንጋይ ማዘጋጀት ጀመሩ። መሞረጃው መንኮራኩር ፊት የሚቀመጠው ወንድ ልጃቸው ዑበይዳ ነበር። አምና ሞተ። እሱም ሲስል፣ ሲከሳ፣ መተንፈስ ሲያቅተው ኖሮ ነው የሞተው። አሁን ወንበሩ ላይ አርዋ ተተክታለች።

"የዑበይዳስ አክታ ምን ተባለ?"

"ንጹሕ ነው ተባለ።"

"እንግዲያው ነቀርሳም ብርድም አልነበረም፣ ጋሼ፤ የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ያጠፋል። ስለ ብናኙ ለሐኪሙ ነግረውታል?"

"ስለ ድንጋይ ለሐኪም ምን ይወራል?"

ተነሥቼ ሁለቱንም መልሼ አስገባኋቸው። ሐኪሙ ነገሩን ሲሰማ አርዋ ደሴ ሄዳ ደረቷን በራጅ እንድትታይ አዘዘ። ስንወጣ ጋሼ ሱፍያን፣ ይህን ያህል ካወቅሽ ነይና ሌላውንም ችግሬን እዪልኝ አሉኝ። ያሉት ለፌዝ ይሁን ለምር አልገባኝም፤ እኔ ግን ሄድኩ።

የሥራ ክፍላቸው መስኮት ተዘግቷል። ጎረቤት ብናኙን ስለማይወድ ነው አሉ። ጣራው፣ ግድግዳው፣ የሸረሪት ድሩ ሳይቀር ነጭ ነው። ጎረቤት ተከብሯል፤ ልጆቹ ግን ውስጥ ተቀምጠው ሲተነፍሱት ኖረዋል። በአገራችን ይሉኝታ ከጎረቤት ጀምሮ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ አላየሁም።

አንድ ድንጋይ ሰጡኝ። "ይኸው፣ አልለሰልስ አለ። ነጋዴው ወደ ብርሃን ያዞረውና ይመልስልኛል።"

ጉብታው ላይ ጭረት ተጋድሟል፤ ጠርዙ ደግሞ ተሰንጥቋል። ሥራውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠሩት ጠየቅኳቸው። በሻካራው መሞረጃ ቅርጽ ካወጡ በኋላ ቀጥታ ወደ ማወልወያው ቆዳ ይሄዳሉ። በመካከል ያሉትን ማለስለሻ ወረቀቶች የማይጠቀሙት ድንጋዩ እንዳያልቅ ብለው ነው። ድንጋዩ ላይ ደግሞ በዚያ ቤት አንድ ጠብታ ውሃ አያርፍም።

"ውሃ እሳቱን ያጠፋዋል" አሉ። እሳት የሚሉት ድንጋዩ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ነው። "ወሬ እንዳይመስልሽ። ከሁሉ የበለጠው ድንጋዬ ውዱእ ሳደርግ ከኪሴ ባልዲ ውስጥ ወድቆ አደረ። ማለዳ ሳወጣው እንደ መስታወት ጠርቷል፤ እሳት የሚባል የለውም። ነጋዴው፣ ሞቷል፣ አዝኜ ልውሰድልህ ብሎ በከንቱ ወሰደው።"

"አልሞተም፣ ጋሼ። ጠጥቶ ነው። ይህ ድንጋይ እንደ ገል ውሃ ይጠጣል። ጥላ ውስጥ ሲሰነብት ውሃው ይወጣል፤ እሳቱም ይመለሳል። ነጋዴው ይህን የማያውቅ ይመስልዎታል?"

"አንቺ የመጽሐፍ ታወሪያለሽ። እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት።"

"በዓይንዎ ያዩት እስከዚያ ማለዳ ድረስ ነው። ከዚያ ሸጡት።"

አርዋ ከበሩ በኩል፣ "ተይው እንጂ፤ አባቴ የሚፈራው ድንጋዩ እንዳይታመም ነው" አለች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪያልፍ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅናት። ከዚያ ከከረጢቱ ውስጥ ምርጡን ድንጋይ አውጥታ የመጠጥ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣለችው። አባቷ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሱበትም።

ከቀትር በኋላ እሳቱ ጠፋ። ነግሬዎት ነበር ብል አልሰሙኝም። ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ እንዲያኖሩት፣ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ግን እንደሚሰነጠቅ ነግሬያቸው ልወጣ ስል፣ "ገደልሽው። እግርሽ ሁለተኛ እዚህ እንዳይደርስ" አሉኝ።

ቀናት አለፉና እሳቸው ራሳቸው እኛ ደጅ መጡ። ጨርቁን ፈቱልኝ። እሳቱ ከቀድሞው ሳይጎድል ተመልሷል። "አርዋ ከደሴ መጣች" አሉ። "ሳንባዋ ጠባሳ አለው። አይሽርም። ብናኝ ካልጨመረች ግን ላይብስ ይችላል ብለዋል። ነይና አሠራሩን አሳዪኝ።"

አሳየኋቸው። መሞረጃው ላይ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጥ ይንጠባጠባል፤ የደፈረሰ ከሆነ ድንጋዩ ቀለሙን ይጠጣል። ከሻካራው ወረቀት ወደ ለስላሳው የሚታለፈው ደረጃ በደረጃ ነው፤ የእያንዳንዱ ወረቀት ሥራ የቀደመውን ጭረት ማጥፋት ብቻ ነው። ከማለፍ በፊት ድንጋዩን ጠርጎ ብርሃን በአግድም እያሳረፉበት ማየት፣ ቀጥሎ እጅንም ድንጋዩንም መታጠብ ያስፈልጋል። ከሻካራው አንዲት ቅንጣት ለስላሳው ላይ ከቀረች የቀኑ ድካም በከንቱ ቀረ። መጫን አይገባም፤ ሙቀት ያሰነጥቃል። ቆዳው የመጨረሻ ነው። ያም ሆኖ መስኮት መከፈት፣ አፍና አፍንጫም መሸፈን አለበት።

ጋሼ ሱፍያን የሠሩት የመጀመሪያው ድንጋይ ሲያልቅ የመስኮቱ ምስል ላዩ ላይ ሳይሰበር ታየ። ነጋዴው ከዚያ ወዲህ የመለሰባቸው የለም፤ ጠርዙም መሰንጠቁን ተወ። አርዋን ወንበሩ ላይ መልሰው አላስቀመጧትም። ድንጋይ የሚሞርድ ሌላ ሰው ሲያገኙ እጁን ይዘው ቤታቸው ያስገቡታል፤ ካልሰማቸው ይሰድቡታል። የውሃው ጥቅም ይህን ያህል ነው፤ የሚያስከፍለው አንድ ጣሳ ነበር።

ያን ቀን ግን ያለቀውን ድንጋይ ብዙ አላዩትም። ከመሞረጃው ሥር የነበረውን ሳህን አነሡና ውሃውን በቀስታ አፈሰሱት። ከሥሩ ነጭ ጭቃ ቀረ። በጣታቸው ነካክተው ወደ እኔ አዘነበሉት።

"ይኼን ሁሉ ነው ልጆቼ ሲተነፍሱ የኖሩት?"

"አዎ" አልኳቸው። "ይህ የአንድ ድንጋይ ነው።"

ሳህኑን ይዘው በተከፈተው በር ወደ ደጅ ተመለከቱ።

"ውሃ እኮ ነበረን" አሉ። "ቧንቧው ደጃችን ነው።"