ሶፍቱን ማን ያዘው?

የተከበራችሁ ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ እህት ወንድሞቻቸው፤ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፤ በእሳቸው እጅ ታይታችሁ ድናችሁ ዛሬ ልትሸኟቸው የቆማችሁ ታካሚዎች፤ ጥቂት ታገሱኝ። ንግግር አልችልበትም። የአልትራሳውንድ ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ ጨለም ባለ ክፍል ዝም ብሎ ማየት ነው። ማየትን ያስተማሩኝም ዛሬ የምንሸኛቸው ዶክተራችን ናቸው።

አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። በሌሉበት "ባለሶፍቷ" እንላቸው ነበር። ያውቃሉ፤ ይስቃሉ። ለአልትራሳውንዱ ቅባት ቀብተው የአንገት እብጠት አይተው ሲጨርሱ፣ ደህና ከሆነ ሶፍቱን ለታካሚው ያቀብሉታል። "እንካ፣ ቅባቱን ጥረግና ወደ ቤትህ" ይሉታል። ክፉ ከመሰላቸው ግን አያቀብሉም። ራሳቸው ይጠርጉለታል፤ ቀስ ብለው። ከዚያ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። እኛ በር ላይ ቆመን ሶፍቱን ማን እንደያዘ እናይ ነበር። ሌላ ምን መጠየቅ ያስፈልገናል?

ለማስተማሪያ ሰው ሲጠፋ የራሳቸውን አንገት ይሰጡን ነበር። አልጋው ላይ ጋደም ይሉና፣ "ኑ፣ የኔን እንቅርት እዩ። ይህቺ ደህና ናት። እንደ ስፖንጅ ናት፣ ዳሯ ለስላሳ ነው፣ ተጋድማለች፤ ከቁመቷ ስፋቷ ይበልጣል። እናንተ የቆመውን፣ ከስፋቱ ቁመቱ የሚበልጠውን ፍሩ። ጠቆር ያለውን፣ ዳሩ የተበጣጠሰውን፣ አሸዋ የተበተነበት የሚመስለውን" ይሉናል። ስንቶቻችን ነን በዚያች እብጠት የተማርነው? እጅ አታውጡ፤ አውቃችኋለሁ።

ባለፈው ዓመት ያንን አንገታቸውን ለአዳዲሶቹ ሐኪሞች ያሳየሁት እኔ ነበርኩ። መሣሪያውን የያዘው እጄ ከእብጠቷ ትንሽ ዝቅ አለ። ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። "ያቺው የድሮዋ ናት" ብዬ አለፍኩ። ለምን አልተመለስኩም? ያ አንገት ደህና መሆኑን ሁላችንም በቃላችን ይዘነው ነበር። እሳቸውም ጭምር።

ከስምንት ወር በኋላ ድምፃቸው ሻከረ። "ጉንፋን ነው" አሉ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። "እስቲ ይተኙልኝ፣ ዛሬ ለማስተማር አይደለም" አልኳቸው። ተኙ። ከድሮዋ እብጠት ሥር ሌላ ነበረ። ጠቁሯል። ዳሩ ተበጣጥሷል። ቆሟል።

ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ። "በል ሶፍቱን አቀብለኝ።"

ማቀበል አቃተኝ። አንገታቸውን እኔው ጠረግኩት። ጣሪያውን አዩ። ከዚያ፣ "ወንበሩን ሳብና ተቀመጥ" አሉኝ።

የእንቅርት ዕጢ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ፋታ ይሰጣል። የእሳቸው አልሰጠም። ትናንት ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠውን የአምናውን ምስል ከፍቼ አየሁት። ያኔም ቆሞ ነበር።

ባልደረቦቼ፣ ነገ ጠዋት ያ ክፍል ይከፈታል። ከመካከላችሁ ማን ነው የሚያውቀውን አንገት እንደ አዲስ የሚያይ?

ዶክተር፣ ያን ቀን ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ እንጂ አፌን አልከፈትኩም። አምና አይቼው እንደነበር አልነገርኩዎትም። እነሆ በባለቤትዎና በልጅዎ ፊት ነገርኩዎት። እንግዲህ ደህና ይሁኑ።