የቦት ጫማው ፊርማ

ታክሲው ከካዛንቺስ ሲነሳ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌና ወጣት ሴት ለሠራዊቱ ዕቃ በሚገዛ ቢሮ የሚሠሩ ባልደረቦች ነበሩ።

«የጫማውን ግዢ ፈረምሽ?»

«አልፈረምኩም፣ ጋሼ። ናሙናውን ቦት ጫማ ውኃ ውስጥ ባሳድረው ጠዋት ሶሉ ተላቆ አገኘሁት።»

«ድሮ እኮ አምስት ሆነን ነበር የምንፈርመው።»

«አሁንማ ፊርማ ማብዛት ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ ለብቻዬ ሆነ።»

«እምቢ ካልሽ በአዲሱ ምደባ ስምሽ አይወጣም። ተንሳፋፊ ተብለሽ ያለ ወንበር ትቀሪያለሽ።»

«ወታደሮቹስ በባዶ እግራቸው ይሂዱ?»

«እኔ ለጡረታ ሦስት ወር ነው የቀረኝ። አደራ፣ ስሜን እንዳታነሺ።»

«ውኃ ውስጥ አሳድረሽ ፈትሺ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«በቃ፣ ዝም በይ! ወራጅ አለ!»

ሽማግሌው ወርደው በሩ ሲዘጋ፣ ወታደሩ ወንድሜ ስንት ቁጥር ጫማ እንደሚያደርግ ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ።