ማስተዋል ለመዝሙር የተፈተነች ዕለት

«እኮ የማትናገር ልጅ እንዴት አድርጌ ላዘምርልዎት?» አለ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ሕፃናትን መዝሙር የሚያስጠናው ወጣት።

«አትናገር እንጂ ታዜማለች ስልህ! ጓዳ ብቻዋን ስትሆን በጆሮዬ ሰምቻታለሁ» አለች እናቴ። ቡሬ ገበያ እህሏን ሲያረክሱባት እንደምትጮኸው ነበር የጮኸችበት። እኔ አፍሬ ግድግዳው ጥግ ተለጠፍኩ።

ታናሽ እህቴ ማስተዋል፣ አባታችን ከሽንዲ ሲመለስ መንገድ ላይ ከተገደለ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረችም። እናቴ ከልጆች ጋር ብትዘምር አንደበቷ ይፈታል ብላ ነው ያመጣቻት።

ወጣቱ ክርክሩ ሲሰለቸው እህቴ ፊት ቁጢጥ አለና «እሺ የኔ እመቤት፣ የምታውቂውን በይልኝ» አላት። ማስተዋል ዓይኗን ጨፈነች። እንደ አልቃሽ ደረቷን መታ መታ እያደረገች ጀመረች፦

ወንድ ሳይተካልኝ ሄደ መከታዬ፣
በሁለት ሴት ልጆች አይሞላም ጎታዬ።

ድምጿ ያምራል። ግን መዝሙር አይደለም፤ እናቴ በአባታችን ለቅሶ ላይ ያወረደችው ሙሾ ነው። ያን ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ግጥሙን እያደነቀ ተላቅሶበታል። ከሁለቱ ሴት ልጆች አንዷ እኔ ነኝና አልረሳሁትም፤ ማስተዋል ግን ገና ሕፃን ስለሆነች የገባት አልመሰለኝም ነበር።

«ይህን ማን አስጠናሽ?» አላት ወጣቱ ቀስ ብሎ።

«እማዬ» አለች። ቀና ብላ እናቴን አየቻትና «ሳድግ እኔ አርሳለሁ» አለቻት።

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወጥታ ሄደች።