በጸሎት መሀል ያንኮራፋው
ስሙኝማ፣ ነቀምት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን በዝምታ ስንጸልይ፣ አጠገቤ ከተቀመጡት ሽማግሌ በኩል ማንኮራፋት ተሰማ። ሰው ዞር ዞር ማለት ሲጀምር አፈርኩላቸውና በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸው። «አባባ፣ ይንቁ እንጂ፣ እያንኮራፉ እኮ ነው!» ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እየጸለይኩ ነው። ቦርሳህን ቀስቅሰው» አሉኝ በሹክሹክታ።

እግሬ ሥር ያለውን ቦርሳዬን ብዳስሰው ይፋጃል። ለካ ላፕቶፔን ሳላጠፋ ክዳኑን ብቻ ገጥሜ ከትቼው ኖሯል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ፋኑ ነው የሚያጓራው። እጄን ሰድጄ አጠፋሁት። ድምፁ ጸጥ ሲል ከፊታችን ያለችው ሴት ዞር ብላ፣ «አባባ፣ ነቁ?» አለቻቸው ፈገግ እያለች። «አዎ፣ ነቃሁ» አሉ ሽማግሌው። እኔ፣ ቦርሳዬ ነው ማለት አቅቶኝ፣ እንደገና አንገቴን ደፋሁ፤ ለጸሎት እንዳይመስላችሁ።